ጥለቱን የቆረጠው ካሬ፦ የአንድ የሐበሻ ልብስ ኦንላይን ሱቅ ፊድ እንዴት እንደተስተካከለ

ሱቁ ያለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሱቅ ልበለው እንጂ ደንበኛ የሚገባበት በር የለውም። በባለሱቋ ምድር ቤት የተደረደረ ካርቶን አለ፣ ሾፒፋይ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ ላይ የተከፈተ ድረ ገጽ አለ፣ በቃ። ልብሱ የሚመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው። ፎቶውን የምታነሳው አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቷ ናት። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ አንዷን ልጅ ታለብሳለች፣ በስልኳ ታነሳለች፣ ኢንስታግራም ላይ ትለጥፋለች። ካርጎው ሜሪላንድ ሳይደርስ ፎቶው ቀድሞ ይደርሳል።

ድረ ገጹን የምከታተለው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ሆኜ ነው የምሠራው። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ብዙ የሐበሻ ልብስ ሱቆች ላይ አንድ ዓይነት ችግር ስለማይ ነው፤ ነገሩ ደግሞ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ከልብሱ ጋር የተያያዘ ነው።

መነሻው እንዲህ ነበር። በመነሻ ገጹ ላይ፣ ከትልቁ ፎቶ ሥር፣ «ኢንስታግራም ላይ ይከተሉን» የሚል ርዕስ ያለው ፊድ ነበር። አንድ አፕ የመጨረሻዎቹን 9 ፖስቶች ከኢንስታግራም እያመጣ በካሬ በካሬ ይደረድራል። ሱቁ ሲከፈት ጀምሮ እዚያው አለ፤ ማንም ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ልብ ያልነው ባዶ ሲሆን ነው።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 መጀመሪያ ላይ ርዕሱ ብቻ ቀረ፣ ፎቶዎቹ ጠፉ። ከርዕሱ ሥር ነጭ ሜዳ ብቻ። ባለሱቋ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ሱቄን ዘረፉት እንዴ?» አለችኝ።

አልተዘረፈም። ኢንስታግራም ለውጭ ድረ ገጾች ፎቶ የሚሰጥበት ቤዚክ ዲስፕሌይ ኤፒአይ የሚባል በር ነበረው። የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ይህን በር እንደሚዘጋ ሴፕቴምበር 2024 ላይ አስታወቀ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 4 ቀን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ፊዱን ወደ ውጭ ማውጣት የሚችለው የቢዝነስ ወይም የክሪዬተር አካውንት ብቻ ነው። የግል አካውንት አይችልም። የዚህ ሱቅ አካውንት ደግሞ የግል ነበር። ሱቅ ከመሆኑ በፊት የልጆቿ ልደት የሚለጠፍበት ገጽ ነበራ። አሁንም ወደ ታች ብትወርዱ ኬክ ታያላችሁ። የምንጠቀምበት አፕም ለሦስት ወር ማስጠንቀቂያው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል፤ ወደ አዲሱ በር አልተሻገረም።

ጊዜው ክፉ ነበር። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሌላው ሰው በተረትነት ነው የሚያውቀው፤ ለዚህ ሱቅ ግን የዓመቱ የሽያጭ ዕቅድ ነው። ባለሱቋ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ የነበረው ይመለስ፣ ቶሎ ይመለስ።

መመለሱ ቀላል ነበር። አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ ወደ ቢዝነስ መቀየር ክፍያም የለውም፣ ጊዜም አይወስድም። ከዚያ ከአዲሱ በር ጋር የሚሠራ አፕ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቶክኑ ነው። ኢንስታግራም ለአፑ የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ፈቃድ 60 ቀን ነው የሚቆየው፤ አፑ ራሱ ካላደሰው ፊዱ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው፣ አፑ ፎቶዎቹን የሚያሳየው በአይፍሬም (ገጹ ውስጥ በተከፈተ የሌላ ገጽ መስኮት) ውስጥ ነው ወይስ በራሱ በገጹ ውስጥ? አይፍሬም ከሆነ በገጹ ላይ የምትጽፉት ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ወደ ውስጥ አይደርስም። አፑ ከሰጣችሁ ሁለት ሦስት ምርጫ ውጭ ምንም ማስተካከል አትችሉም። ስለ ዋጋው እንጂ ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገጥመኝም፤ በኋላ የሚያስለቅሰው ግን ይሄኛው ነው። በገጹ ውስጥ የሚያሳየውን መረጥን።

ፊዱ ተመለሰ። 9 ፎቶ፣ ካሬ በካሬ፣ ልክ እንደ ድሮው። ባለሱቋ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን የደንበኞቿን መልእክት እስቲ አሳዪኝ አልኳት። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲገጥመኝ ከገጹ በፊት ኢንቦክሱን ማየት እወዳለሁ። ሰው ገጹ ላይ ያጣውን ነገር ነው በመልእክት የሚጠይቀው።

ኢንቦክሱ ውስጥ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ነበር። «እህት፣ የታች ጥለቱን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» «ጥለቱ በቅርበት አለሽ?» «የቀሚሱ ጫፍ ምን ዓይነት ነው?» ባለሱቋ ለእያንዳንዷ ፎቶ ፈልጋ ትልካለች። የሚገርመው፣ የምትልከው ፎቶ ያው ኢንስታግራም ላይ ያለው ፎቶ ነው! ጥለቱ ፎቶው ላይ አለ። ሱቁ ላይ ግን የለም።

ነገሩ የሂሳብ ነው። እህቷ የምትለጥፈው ባብዛኛው 4 ለ 5 ነው፤ 1080 በ1350 ፒክስል። ካሬ ፍሬም ይህን ፎቶ ሲቀበል 1080 በ1080 ያደርገዋል። 270 ፒክስል መውደቅ አለበት። ከመሐል ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ከላይ 135 ከታች 135 ይሄዳል። ከላይም ከታችም አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ከላይ የሚሄደው ግድግዳና ትንሽ ፀጉር ነው። ከታች የሚሄደው ግን ቀሚሱ የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ጥለቱ ያለበት።

የሐበሻ ቀሚስ የገዛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ነጩ ጨርቅ ከሩቅ ሲታይ ያው ነጭ ነው። አንዱን ቀሚስ ከሌላው የሚለየው ጥለቱ ነው፦ ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ መስቀሉ፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ ነው ወይስ በማሽን የተጠለፈ። ደረቱ ላይም አለ፣ መቀነቱና ነጠላው ላይም አለ፤ ሰፊው ግን ታች ያለው ነው። ዋጋውንም የሚወስነው ባብዛኛው እሱ ነው። ፊዱ ላይ የሚታዩት ዘጠኙም ቀሚሶች ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብለው ይቆማሉ። ዘጠኝ ነጭ ቀሚስ። ሁሉም አንድ።

ለባለሱቋ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ጥለቱን ቆርጣችሁ እኔ ምን ልሽጥ?» አለችኝ። እኔንም ኢንስታግራምንም አንድ ላይ ነው «እናንተ» ያለችን።

ካሬው ከየት መጣ? ኢንስታግራም በፈረንጆቹ 2010 ሲጀምር ካሬ ፎቶ ብቻ ነበር የሚቀበለው። በ2015 ቁመትና ወርድ ያላቸውን ፈቀደ፣ የፕሮፋይሉ ግሪድ (የፎቶዎቹ ድርድር) ግን ካሬ ሆኖ ቀረ። ፊድ የሚያሳዩ አፖችም ያንን መልክ ቀድተው ኖሩ። ከዚያ ጃንዋሪ 2025 ላይ፣ እዚህ ለጥምቀት ሽር ጉድ ሲባል፣ ኢንስታግራም የፕሮፋይሉን ግሪድ ራሱ ወደ ቁመት ቀየረው። ፕሮፋይላቸውን በካሬ ልክ አሳምረው የደረደሩ ሰዎች ተማረሩ። ለሐበሻ ልብስ ሻጭ ግን ሲሳይ ነው፤ ረጅም ቀሚስ በቁመት ነው የሚታየው። ችግሩ፣ የሱቁ አፕ ይህን አያውቅም። ኢንስታግራም ስለተቀየረ ሱቃችሁ ላይ ያለው ፊድ አይቀየርም። ስለዚህ ለጊዜው ባለሱቋ ስልኳ ላይ ሙሉ ቀሚስ ታያለች፣ ሱቋ ላይ ግማሽ።

ፍሬሙ ምን ይሁን የሚለው ላይ ነው ብዙ ያሰብንበት። የመጀመሪያው ሐሳብ 4 ለ 5 ነበር፣ ፎቶዎቹ ራሳቸው 4 ለ 5 ስለሆኑ። ግን እንዲሁ ላይቀጥሉ ይችላሉ። ስልክ በቁመት ሲያነሳ የሚሰጠው 3 ለ 4 ነው፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያሉት መምጣታቸው አይቀርም። 3 ለ 4 የሆነ ፎቶ 4 ለ 5 ፍሬም ውስጥ ሲገባ እንደገና ከላይና ከታች ይቆረጣል። ትንሽ ነው፣ ግን ከታች ነው። ነገሩን ገልብጠን አየነው። ፍሬሙን 3 ለ 4 ብናደርገውስ? 3 ለ 4 የሆነው ምንም አይነካም። 4 ለ 5 የሆነው ከጎን ይቆረጣል፣ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 34 ፒክስል። ከ1080 ላይ ይህ ምንም አይደለም። ጎን ላይ ያለው ግድግዳ ነው፣ ሲከፋ የነጠላ ጫፍ። ከታች ግን አንድም ፒክስል አይሄድም።

ስለዚህ 3 ለ 4። አፑ የሚሰጠው ምርጫ ካሬ ወይም «ኦሪጅናል» ብቻ ስለነበር፣ በሾፒፋዩ የቴም (የሱቁ ገጽ አብነት) ማስተካከያ ውስጥ ባለው የሲኤስኤስ ሳጥን ውስጥ ጥቂት መስመር ጻፍን። የእያንዳንዱ ፎቶ ሳጥን 3 ለ 4 ይሁን፣ ፎቶው ሳጥኑን ሞልቶ ይቀመጥ፣ የሚቆረጥ ካለ ይቆረጥ እንጂ አይለጠጥ። ከዚያ በፊት የቴሙን ኮፒ አድርገን በኮፒው ላይ ነው የሞከርነው። በበዓል ሰሞን ክፍት ሱቅ ላይ እጅን መስደድ የሚያስፈራ ነገር ነው።

«ኦሪጅናል» የሚለው ለምን አልበቃም? እሱን ስትመርጡ እያንዳንዱ ፎቶ በራሱ ቁመት ይቀመጣል፣ ልክ እንደ ፒንተረስት። ለፎቶ ጋለሪ ያምራል። እዚህ ግን አንዱ ቀሚስ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ብሎ ይጨርሳል። ሳጥኖቹ እኩል ሲሆኑ የአንድ ረድፍ ጥለቶች ባንድ መስመር አካባቢ ይሰለፋሉ፣ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ያወዳድራል። ሱቅ ላይ ደንበኛ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ልብሶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ጫፋቸውን ይገላልጣል። ራሱን የሚያንሸራትተውን ስላይደር አፑ በግድ ሊሸጥልን ሞክሮ ነበር። እምቢ አልን። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል።

ስንት ዓምድ ይሁን የሚለውን ደግሞ ስልክ ነው የወሰነው። አብዛኛው የሱቁ ደንበኛ በስልክ ነው የሚመጣው። 390 ፒክስል ስፋት ያለው ስልክ ውሰዱ። ከጠርዝ 16፣ 16 ይቀነሳል፣ በፎቶዎቹ መሐል 8 ይተዋል። ሦስት ዓምድ ከሆነ አንዱ ፎቶ 114 ፒክስል ስፋት ይደርሰዋል። በዚህ ስፋት ጥለት ቀለም ያለው ክር ብቻ ነው። ሁለት ዓምድ ከሆነ 175 ይደርሰዋል፣ ቁመቱም 233 ይሆናል። በዚህ ላይ መስቀሉ መስቀል መሆኑ ይታያል። ባለሱቋ ሦስት ነበር የምትፈልገው፣ «ኢንስታግራም ይመስላል» ብላ። ሁለቱንም በራሷ ስልክ ላይ ከፍቼ አሳየኋት፣ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ ሁለት አለች።

የፎቶው ብዛት ከ9 ወደ 8 ወረደ። ኮምፒውተር ላይ አራት ዓምድ ስለሆነ 9 ሲሆን አንዱ ብቻውን ወደ ታች ይወርድ ነበር። 8 በአራትም በሁለትም ይካፈላል። ስልክ ላይ ግን ስምንቱ አራት ረድፍ ይሆኑና ከአንድ ስክሪን በላይ ይረዝማሉ። ስለዚህ ስልክ ላይ አራቱ ብቻ ይታያሉ፣ ከሥራቸው «ተጨማሪ» የሚል ቁልፍ አለ።

ሪልስ (አጫጭር ቪዲዮው) ራስ ምታት ነበር። 9 ለ 16 ነው፤ ወደ 3 ለ 4 ሲገባ 1920 ከነበረው ቁመት 480 ይወድቃል፣ ግማሹ ከታች። እዚያም ጥለት አለ። ከፎቶዎቹ ለይተን ወደ ጎን በጣት የሚንሸራተት የራሱ ረድፍ ሰጠነው፣ በራሱ 9 ለ 16። በራሱ እንዳይጫወት ተደረገ። አዲስ አበባ ሆነው ለዘመድ የሚመርጡ ሰዎችም ገጹን ይከፍታሉ፣ እነሱ ደግሞ በዳታ ነው።

ከመልኩ በላይ ያከራከረን ሌላ ነው። ፎቶውን ሲነኩት ወዴት ይሂድ? ድሮ ወደ ኢንስታግራም ነበር የሚወስደው። ባለሱቋ ይሄ ጥሩ ነው ባይ ናት፣ ተከታይ ይጨምራል። እኔ አልተስማማሁም። «እትዬ፣ ሰውዬው ሱቅሽ ውስጥ ገብቷል። ኢንስታግራም ከገባ የሚያየው ያንቺን ልብስ ብቻ አይደለም፣ የሌላውንም ነው» አልኳት። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ ቀሚሱ ሱቁ ላይ ካለ ፎቶው ወደ ቀሚሱ ገጽ ይወስዳል፣ ከፊዱ ሥር ደግሞ ወደ ኢንስታግራም የሚወስድ አንድ ሊንክ ይቀመጣል። ፎቶን ከዕቃ ጋር ማገናኘቱን አፑ ይችላል፣ ግን አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚሠራው። አሁን ይህ የእህቷ ሥራ ሆኗል።

ይህን ስናደርግ ሌላ ነገር ተጋለጠ። ካፕሽኖቹ፣ ማለትም ከፎቶው ጋር የሚለጠፈው ጽሑፍ። ፎቶው ላይ ጣት ሲያርፍ አፑ ካፕሽኑን ያወጣ ነበር፣ ሁሉም ካፕሽን ደግሞ የሚጨርሰው «ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ ነው። ድረ ገጹ ላይ እኮ ዋጋው በግልጽ ተጽፏል! ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ዋጋው ፊቱ ተለጥፎ፣ ሱቁ ራሱ ዋጋ በኢንቦክስ ይለዋል። ካፕሽኑን አጠፋነው። በምትኩ የቀሚሱ ስምና ዋጋ ይታያል። ለዓይነ ስውራን ስክሪን የሚያነበው ሶፍትዌርም ካፕሽኑን ከነሃሽታጉ ነበር የሚያነበው፤ እሱም በቀሚሱ ስም ተተካ።

ስሙ በአማርኛ ስለሆነ ፊደሉን ማየት ነበረብን። ቴሙ የመጣበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። እንዲህ ሲሆን ስልኩ ካለው ፎንት አንዱን አንስቶ ይተካል፣ አንዱ ስልክ ላይ ወፍራም፣ ሌላው ላይ ቀጭን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገባን፤ ነፃ ነው። በመስመሮች መሐል ያለውን ክፍተትም ትንሽ ሰፋ አደረግነው፣ ለላቲን የተለካው ክፍተት ለእኛ ፊደል ይጠብበታል።

ፊዱ የነበረው ከትልቁ ፎቶ ሥር ነው ብያለሁ። ወደ ታች አወረድነው፣ በብዛት ከሚሸጡት ቀሚሶች ሥር። ገጹ ሲከፈት ቀድሞ መጫን ያለበት የሚሸጠው ዕቃ ነው፣ የፊዱ ፎቶዎች ሰው ወደነሱ ሲወርድ ይጫኑ። የሳጥኑ ልክ ቀድሞ ስለተነገረ ፎቶዎቹ ሲመጡ ገጹ አይዘልም። ድሮ ይዘል ነበር፣ ሰው «ግዛ» ሊል ሲል ሌላ ነገር ይነካ ነበር። ጉግል ይህን መዝለል ይለካዋል፣ ከ0.1 መብለጥ የለበትም ይላል። ፎቶዎቹም በልካቸው ነው የሚላኩት። ለ175 ፒክስል ሳጥን፣ ጥራት ባለው ስልክ ላይ እንኳ፣ ሦስት እጥፉ፣ 525 ስፋት ይበቃል። 1080ው ትርፍ ነው።

«እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉት ካርዶች ነገር ቀረ። በበዓል ሰሞን ፊዱን ይሞሉታል፣ የገና፣ የጥምቀት፣ የዒድ፣ የፋሲካ። አፑ የሚያመጣው የመጨረሻዎቹን ስለሆነ ሽያጩ በሚደራበት ሳምንት ቀሚሶቹ በሻማና በአበባ ይሸፈናሉ። አሁን ከዕቃ ጋር ያልተገናኘ ፖስት ሱቁ ላይ አይታይም። ባለሱቋ ይህን አልወደደችውም። «በበዓል ቀን ሱቄ ዝም ይበል?» አለች። ዝም አይልም፤ ከገጹ አናት ባለው የማስታወቂያ መስመር ላይ መልካም በዓል ይጻፋል።

ለእህቷም አንድ መልእክት ተላከላት፦ ከጥለቱ በታች ትንሽ ወለል ይታይ። እግር ሥር ያለው ቦታ ሲኖር፣ ኢንስታግራም ነገ ፍሬሙን መልሶ ቢቀይረው እንኳ የሚቆረጠው ወለሉ ይሆናል።

ለፋሲካ ኢንቦክሱን እንደገና አየነው። ስለ ጥለት የሚጠይቁት አልጠፉም፣ ግን «አሳዪኝ» ማለታቸው ቀንሷል። አሁን የሚመጣው «ይሄኛው ጥለት በሰማያዊ አለ?»፣ «ቁመቴ 1.70 ነው፣ ይደርሳል?»፣ «ከዓርብ በፊት አትላንታ ይደርስልኛል?» ነው። ለመጨረሻው ፊድ ምንም አያደርግለትም።

ያልጨረስነው የደንበኞችን ፎቶ ነው። ለሠርግና ለመልስ የገዙ ሰዎች ፎቷቸውን ለጥፈው ሱቁን ታግ ያደርጋሉ። ባለሱቋ ሳታስፈቅድ አንዱንም አታወጣም፤ ለእያንዳንዷ ትጽፋለች፣ እምቢ ያለችው ትተዋለች። የፈቀዱትም ፎቷቸው አብዛኛው በወርድ ነው፦ ሙሽራዋ መሐል፣ ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ፣ ስምንት ቀሚስ ባንድ ፎቶ። 3 ለ 4 ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሙሽራዋና ሁለት ሚዜ ብቻ ይተርፋሉ። ለጊዜው ከፊዱ ውጭ ናቸው። ሰፊ የሆነ የራሳቸው ረድፍ ኮፒው ቴም ላይ እየተሞከረ ነው፣ ስልክ ላይ አንድ አንድ፣ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሁለት።